ቃርሚያ

ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለተ ሐሙስ፤ የሀብሩ ወረዳ ማሽላ ታጭዶ፣ ጤፉም አውድማ ገብቶ ነበር፤ ከውርጌሳ ወደ መርሳ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ ባለቤቱ ሰብስቦ በሄደው ማሳ ላይ፣ ሴቶች ጎንበስ ቀና እያሉ የወደቀውን ዛላ ይለቅሙ ነበር። መርሳ ሲባል የሰማ መንገደኛ ያገሬው ሰው የሚረሳ ይመስለዋል፤ ኧረ ወዲያ፤ መርሳ ስሟ ነው እንጂ ግብሯ አይደለም። በክፉ ቀን ማን ማንን እንዳስጠጋ እስከ ልጅ ልጅ ይነገርባታል።

ከዚህ አገር ሰዎች መካከል ግን አንዱ፣ ረስተው ሳይሆን ፈርተው፣ የሰው አደራ ይዘው ሠላሳ አምስት ዓመት ተቀምጠው ነበር። አቶ ዓሪፍ ይባላሉ፤ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ላይ የማሽላ ዘር ሲመርጡ ኖረው አምና ጡረታ የወጡ ናቸው፤ በወጣትነታቸው፣ በደርግ ዘመን፣ ግብርና ሊማሩ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው፣ ካርኪቭ በምትባል የዩክሬን ከተማ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ዛሬም በረዶ ሲባል ከሰሙ ዓይናቸው ሩቅ ይሄዳል።

በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ ወሬው እዚያ ደረሳቸው፤ እህል አልዋጥ አላቸው። ይህን ያየችው የተማሪዎች ማደሪያ በር ጠባቂ፣ ሃና የምትባል ባልቴት፣ ወደ ጠባቧ ክፍሏ አስገብታ ጥቁር ዳቦ ቆረሰችላቸው፤ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ከፈተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኛም ተርበናል፤ እናንተ በምትቆጥሩት በ1925 መሆኑ ነው። እህል በቅሎ ነበር፤ መንግሥት ነው ከጎተራችን ጠርጎ የወሰደው» አለች። በእናቷ በኦዳርካ ላይ የተጻፈውንም የፍርድ ብጫቂ ወረቀት አሳየቻቸው። «እኔ መናገር አልችልም። አንተ ግን መናገር የተቻለ ቀን የእናቴን ስም ጥራልኝ።»

ዓሪፍም ቃል ሰጡ፤ አገር ሲገቡ ግን እዚህም ረሃብን በስሙ መጥራት ያስጠይቅ ነበር፤ ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ዝምታውን ለምደውት ቆዩ።

በዚያው በ2012 ጥቅምት ከካናዳ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ላሪሳ፣ የሃና የልጅ ልጅ ናት። በዊኒፔግ የሚኖሩ የዩክሬን ተወላጆች በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው፣ ሻማ አብርተው፣ በረሃብ ያለቁትን ያስባሉ፤ ያም ዘር ማጥፋት እንደ ነበር ለዓለም ያስረዳሉ። «ብዙ ሰው ድርቅ ነበር ብሎ ያልፈናል» ትላለች። «ዘንድሮ ምስክርነቱ በስደተኞች ቋንቋ ሁሉ ይነበባል። አያቴ ስለ አንድ የወሎ ተማሪ ስታወራ ኖራ ሞተች፤ ስሙን ይዤ ሳፈላልግ እርስዎ ጋ ደረስኩ። እርስዎ ነዎት?»

አቶ ዓሪፍ አለቀሱ። ከዚያ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ሊነበብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኢሜይል ሳይልኩት በፊት ዱዓ ይደረግበት ብለው ወደ አክስታቸው ወደ እትዬ ሀጂራ የወዳጃ ጸሎት ይዘውት ሄዱ። እትዬ ሀጂራ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጓቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው፤ በየሐሙሱ እስላም ክርስቲያኑ እቤታቸው ተሰብስቦ ለሞተውም ላለውም ይለምናል።

አቶ ዓሪፍ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «ኦዳርካ የመንግሥት እህል ሰርቃ ተገኘች፤ አሥር ዓመት ተፈረደባት፤ ከእስር ቤትም አልተመለሰችም።»

«ቆይማ ልጄ» አሉ እትዬ ሀጂራ። «ከጎተራ ነው የሰረቀች?»

«የለም፤ ከማሳ ላይ ነው። ታጭዶ ካለቀ በኋላ የወደቀውን ዛላ በጉያዋ ይዛ።»

«አንተዬ፣ ይኸማ ቃርሚያ ነው።»

«ወረቀቱ ስርቆት ይላል፤ እኔም ያኔ እንዳየሁት ጻፍኩት።»

ከጎረቤት የመጡት አቶ ይርጋ ሣቅ አሉና «ቃርሚያ ስርቆት ከሆነማ ከዚህ እስከ ወልድያ ወህኒ ቤቱ አይበቃንም» አሉ።

እትዬ ሀጂራ ግን አልሣቁም። «ወረቀቱን የጻፈው እኮ እህሏን የወሰደባት ነው። አንተ ምን ቤት ነህ እሱን የምታግዘው?» አሏቸው። ቀጥለውም «በስድሳ ስድስቱ ረሃብ በምን ያበላሁህ ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁ።

«ከሐራ ገበያ እየገዙ ነዋ። እንዲያ ነበር የሚሉኝ አንቱ።»

«በምኔ ልግዛ? ሐራ ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር ከተረፈች ማሽላ ስቃርም ነው የከረምኩ። አንድ ቀን ባለማሳው ደረሰብኝ፤ እኔ እንዳላፍር ብሎ ፊቱን አዙሮ ቆመልኝ። እዚያች ሴት አገር ብሆን ኖሮ እኔም ወህኒ፣ አንተም አፈር ነበርክ።»

አቶ ዓሪፍ አፈሩ። ስሟን ሊጠሩ ቃል የገቡላትን ኦዳርካን፣ በገዛ እጃቸው ሌባ ብለው ባሕር ማዶ ሊልኳት ነበር። እስክሪብቶ አወጡና «ሰርቃ» የሚለውን ቃል ሰርዘው፣ «ቃርማ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም «በእኛ አገር ከአጫጅ የተረፈ የድሃ ሐቅ ነው፤ ኦዳርካ ሐቋን ስትለቅም ተያዘች» ብለው ጨመሩ።

ቅዳሜ ዊኒፔግ ላይ ጽሑፉን ያነበበችው ትዕግስት የምትባል ስደተኛ ነበረች፤ እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ለተሰበሰበው ሰው ፍቺውን አስረዳች። በነጋታው ላሪሳ ለአቶ ዓሪፍ ጻፈች፦ «አያቴ ስለ እናቷ ስታወራ "ትንሽ ሰርቃልን ነበር" ብላ አንገቷን ትደፋ ነበር፤ ልጇ ሆና እንኳ እንዲያ ነበር የምታምን። ምነው ቃላችሁን ሰምታ በሞተች።» አቶ ዓሪፍም ያን ሲያነቡ፣ ዝም ያሉባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ በአንድ ቆጯቸው።

ታሪክ ሹማምንቱንና አዋጃቸውን በወጉ መዝግቧል፤ የኦዳርካ ብጫቂ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ስርቆት እንዳለ ነው፤ የሚያርመውም ሹም አልተገኘም። በመርሳ ግን በተከታዩ ሐሙስ፣ እትዬ ሀጂራ እጃቸውን ዘርግተው የየቤቱን ሙታን ስም ጠርተው ሲጨርሱ፣ «ለኦዳርካም፣ ስትቃርም ለተያዘችዋ» አሉ፤ ቤቱም አሚን አለ።