ከዜሮ በታች

ገደሉን መውረድ ሲጀምሩ ጉሙ ከአባይ በረሃ እየተጎተተ ወደ ላይ ይመጣ ነበር። ሀናን ድሮኑን በጀርባዋ አዝላለች። ሆዱ ሥር የታሰረው መሣሪያ ድንጋይ በተፈጥሮው የሚረጨውን ጨረር ይለካል። ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ የሚያወጡት ቆፋሪዎች የሚሠሩበት ዋሻ አደገኛ ከሆነ ይዘጋል፣ ካልሆነ እንጀራቸው ይቀጥላል። መንገድ መሪዋ በእውቀቱም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነው። ሚስቱ የኔአለም ደግሞ ልትወልድ ወሯ ገብቷል።

«አጥብቀሽ ርገጪ፣ እህቴ» አላት። «ወላሂ፣ እዚህ የወደቀ ድምፁም አይሰማ።»

ከዋሻው ፊት ለፊት ካለው ጠባብ የገደል እርከን ላይ ቆማ ድሮኑን አስነሣች። ጉሙ ዋጠው። ወዲያው አንድ ግዙፍ ጥንብ አንሣ ከላይ ተወርውሮ መታው። ድሮኑ ተንገዳግዶ ቁልቁል ሲምዘገዘግ፣ ሀናን በጭንቅ አቃናችው። ከዚያ ስክሪኑን አየች።

ከዜሮ በታች ሁለት። ወደ ዋሻው አፍ አስጠጋችው፤ ከዜሮ በታች አራት።

ማጅራቷን ቀዘቀዛት። ምድር እንዴት ከምንም በታች ትሆናለች? ነፋሱ እንኳ ጸጥ ብሎ ነበር። ጠዋት መሣሪያውን ዜሮ ላይ ያስተካከለችው የት እንደነበር ትዝ አላት። ንጹሕ መሬት ነው ብላ፣ በበእውቀቱ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ዜሮ ያለችው ጨረር ራሱ ከፍተኛ ከሆነ፣ ከሱ ያነሰው ሁሉ ከዜሮ በታች ይታያል።

«በእውቀቱ፣ ግቢህ ውስጥ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ከየት መጣ?»

«ከዚሁ ነዋ! ሙሽራ ቤት ስንሠራ እያንዳንዳችን ከዋሻው ጥቁር ድንጋይ ተሸክመን እንወጣለን፤ ወጋችን ነው። ወለሉም መደቡም እሱ ነው። አሁንማ እዚህ አንድም አልቀረ።»

«ዋሻው ደህና ነው። ክፉው ተሸክማችሁ ያወጣችሁት ነው።»

በእውቀቱ ፊቱ አመድ መሰለ። «የኔአለም ውላ የምታድረው መደቡ ላይ ነው» አለ፤ ዳገቱንም በሩጫ ተያያዘው። ሀናን ድሮኑን አሳርፋ፣ መልሳ አዝላ ተከተለችው።

አፋፉ ላይ የቆፋሪዎቹ አለቃ አህመዲን ዶማውን ይዞ መንገዱን ዘጋ። «ዋሻችንን ልታዘጊ? ዕቃውን ወዲህ በይ!»

ሀናን ያን ድሮን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር። አሁን አውርዳ ሰጠችው። «ይውሰዱት፣ አባቴ። መንገዱን ብቻ ይልቀቁልን!»

አህመዲን ግራ ተጋብቶ ተከተላቸው። ቤቱ ገና በጉሙ ውስጥ ሳይታይ፣ ሀናን ከኪሷ አውጥታ አሁን ያበራቻት ትንሿ የጨረር መለኪያ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። በተጠጉ ቁጥር ፈጠነች። በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፁ አንድ ወጥ ጩኸት ሆነ።

የኔአለም ከመደቡ ቀና ብላ «ምን ሆናችኋል?» አለች።

በእውቀቱ ደግፎ አወጣት። ሀናን «ጎረቤት ቤት ውሰዳት፣ ቶሎ!» አለች።

በእውቀቱ ዞር ዞር ብሎ መንደሩን አየ። ጉሙ እየተገለጠ አዳዲሶቹ ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። «የማን ቤት?» አለ በቀስታ። «ሁሉንም እኛው ነን የሠራነው።»

የኔአለምን ሜዳው ላይ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጧት። አህመዲን ከሁሉም በኋላ ቆሞ፣ በሩ ላይ ስትጮህ የነበረችውን፣ እዚህ ሣሩ ላይ ግን ዝግ ያለችውን መለኪያ አየ። ከዚያ ድሮኑን በሁለት እጁ ለሀናን ዘረጋላት።

«አስነሺው፣ ልጄ» አለ። «ባለፈው ጥር ከዳርኳት ልጄ ቤት ጀምሪ።»