ሰው ገደለች የተባለችው ላም

የከብት ዘር ባለሙያው ያዕቁብ በታንጉት ጋጣ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው ጥቁሯ ላም ቆማ ታመነዥካለች። መንደርተኛው ቢላ ስሎ ደጅ ቆሟል፤ ሰው የገደለች ላም አታድርም ብሏል። ታንጉት ግን በሩ ላይ ተቀምጣ፣ ፖሊስ ሳይመጣ ማንም አያልፍም አለች። ስልኩን የደወለችውም ራሷ ናት።

ኢንስፔክተር ሰአዳ ከደብረ ብርሃን ስትደርስ ውርጩ ገና ሣሩን አልለቀቀም ነበር።

«የኔ እናት፣ ላሜ ሰው አትረግጥም» አለቻት ታንጉት። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማሳድገው በሷ ነው። እውነቱን አውጪልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጠዋት የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«ወተት ላስረክብ ሄጄ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሰአዳ ጎንበስ ብላ የሟቹን አናት አየች። ቁስሉ ረጅምና ቀጭን ነው። የላሚቱን ጭራ ያዘች፤ ላሚቱ አልተራገጠችም። ከጭራዋ ጫፍ አንድ ጭብጥ ጸጉር በስለት ተቆርጧል። ከያዕቁብ ቦርሳ «የገብረኪዳን ኮርማ» የሚል ፖስታ አወጣች፤ ከፍታ አየችውና ኪሷ ከተተችው።

የያዕቁብ ሥራ የከብት ጭራ ጸጉር ሰብስቦ ወደ ላብራቶሪ መላክ ነበር። እዚያ ዘረመሉ ይመረመርና የትኛዋ ጊደር ብዙ እንደምትታለብ፣ የየትኛው ኮርማ ልጆች ወተት እንደሚሰጡ ገና ሳይወልዱ ይታወቃል። ከመንደሩ ኮርማዎች አንዱ ለማዳቀል ይመረጣል፤ የቀሩት ይኮላሻሉ።

ያን ጠዋት በጋጣው አጠገብ ሦስት ሰዎች ታይተዋል። መጀመሪያ የተጠራችው የያዕቁብ የሥራ ባልደረባ ማስተዋል ናት።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«መቼ ያልተጣላንበት ቀን አለ? ሥር የሌለው ጸጉር ካመጣሁለት ፊቴ ላይ ይወረውረዋል። የሚመረመረው ሥሩ ነዋ! ጣት ላይ ጠምጥሞ መንቀል ነው።» እንባዋ መጣ።

ቀጥሎ የአሊዩ አምባው ከብት ነጋዴ ሸሪፍ ገባ።

«ላሚቱን ሽጪልኝ እያሉ ደጅ ሲጠኑ ከርመዋል።»

«ወላሂ አዎ! ከታረደች ግን ምን ታደርግልኛለች? ያዕቁብ የአገሬ ልጅ ነው፣ አላህ ይዘንለት። ትናንት የጊደሬን ጭራ ሲነቅል፣ አንተ ሽበት ለቃሚ ብዬ ስቄበት ነበር።»

መጨረሻ የገባው ገብረኪዳን የታንጉት ታላቅ ወንድም ነው። መሬቷን የሚያርስላት እሱ ነው።

«ላሚቱ ናት» አለ ሽመሉን ተደግፎ። ሽመሉ ታጥቦ ገና እርጥብ ነበር። «እህቴ እልኸኛ ሆና እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው።»

«የኮርማዎን ጸጉር የወሰደው ያዕቁብ ነው?»

«ኮርማዬ ሰው አያስጠጋም። ትናንት እኔው ነኝ የሰጠሁት።»

«እንዴት አድርገው?»

«በማጭድ ነዋ! በምን ላድርገው?»

ወደ ማታ፣ ከብት ሲገባ፣ ሰአዳ ሁሉንም ጋጣው ደጅ ሰበሰበች።

«የኮቴ ቁስል እንዲህ ቀጭን አይሆንም፤ ይህ የዱላ ነው። የላሚቱ ጭራ ተቆርጧል። በፖስታው ውስጥ የተገኘውም ጸጉር የተቆረጠ ነው፣ ሥር የለውም። ያዕቁብ ይህን ትናንት ቢሰጡት ይወረውረው ነበር እንጂ ቦርሳው አይከተውም። እንግዲህ ፖስታው የተሞላው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ማን ሞላው? ማስተዋል ሥር እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ሸሪፍ ሲነቀል አይተዋል። የሚቆረጥ የመሰላቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ሽመላቸውንም በዚህ ውርጭ አጥበዋል።»

ሁሉም ወደ ገብረኪዳን ዞረ።

«ኮርማዬ ሊኮላሽ ነው አልኩ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «የእሷን ላም ወተት አገር ያውቀዋል። ጸጉሯን በኮርማዬ ስም ልሰጥ ስቆርጥ ደረሰብኝ። ለመንኩት። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለኝ።»

«ቢላክም ላብራቶሪው ምንም አያገኝበትም ነበር። ሥር ቢኖረው እንኳ የኮርማ ሳይሆን የላም መሆኑ ይታወቃል» አለች ሰአዳ።

«ምንም?»

«ምንም።»

ገብረኪዳን መሬት ላይ ተቀመጠ።

ታንጉት ጋጣው ውስጥ ገባች። ላሚቱን ፈትታ እየጎተተች ቢላ ከያዙት ፊት አቆመቻት።

«የኔ እናት» አለች ወደ ሰአዳ ዞራ፣ «ጠዋት ያልኩሽን እርሺው። ላሚቱ ናት የረገጠችው። እረዷትና ወንድሜን ተዉልኝ።»

ቢላ የያዙት ወደ ኋላ ሸሹ። ከሰአዳ ጋር የመጡት ፖሊሶች ገብረኪዳንን አስነሥተው ወደ መኪናቸው ወሰዱት። ላሚቱ የመታለቢያዋ ሰዓት አልፎ ኖሮ ወተቷ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።