ባዶውን አትንካ

ስሜን ሳልቀይር፣ ቦታውን ሳልደብቅ ነው የምጽፍላችሁ። ልዋሽ ብፈልግ ኖሮ ራሴን ደግ ሰው አድርጌ እጽፈው ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት። ቦታው ካዛብላንካ፣ ደርብ ገለፍ ገበያ፣ እኔና የአጎቴ ልጅ ላርቢ የምንጋራት ሱቅ።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነበር...

ሱቋ የአያታችን ናት። ሲሞት ለሁለታችን ተዋት፤ እኛ ግን ሆድና ጀርባ ነበርን። መሃሏን በቆርቆሮ ከፈልናት። ቆርቆሮው መሬት አይነካም፤ ከሥሩ አራት ጣት የምታህል ክፍተት አለችው። ቀኑን ሙሉ በዚያች ክፍተት የማየው የላርቢን ቢጫ የቆዳ ጫማ ነበር። እጠላው ነበር፣ ጫማውን ጭምር።

የገበያው ሹም ሐጅ ማዓቲ ሊያስታርቀን ደክሞ ደክሞ በመጨረሻ ሰለቸው። እንዲህ ብሎ ፈረደ።

«በሥራ ሰዓት ቀድሞ ሱቁን ጥሎ የወጣ፣ ድርሻውን ለሌላው ለቀቀ። ከእንግዲህ ፊቴ እንዳትመጡ።»

ከዚያ ወዲህ አንዳችንም አልወጣንም። ለምሳ የለም፣ ለለቅሶ የለም። እንዴት እንደምንሸና አትጠይቁኝ።

ሥራችን የጨዋታ ሲዲ ማባዛት ነበር። የዚያን ጊዜው ነጭ የጨዋታ ማሽን ዋናው ሲዲ አንድ ጊጋ ይይዛል። እኛ የምንቀዳበት ባዶ ሲዲ ደግሞ ከሰባት መቶ ሜጋ አያልፍም። ሙያው ማሳነሱ ላይ ነው። በጨዋታው መሃል ያለውን ፊልም ትቆርጣለህ፣ ሙዚቃውን ታቀጥናለህ፣ ሰባት መቶ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ትላጨዋለህ።

በዚህ ሙያ ከላርቢ እበልጥ ነበር። እሱም ያውቀዋል።

ሐሙስ ዕለት አንድ ስም የሌለው ዋና ሲዲ በቆርቆሮው አናት ላይ ወረወረልኝ።

«እስቲ ጉረኛው... ይሄን አንድ ሲዲ ላይ አስገባና እንይህ።»

ማሽኔ ላይ ከፈትኩት። ግራጫ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ግንብ። መንገዱ ጫፍ ላይ፣ በጣም ሩቅ፣ ሰው መሳይ ነገር ቆሟል። ፊቱ አይለይም። ባዶ እግሩን መሆኑ ብቻ ይታያል።

መቆጣጠሪያውን ብነካካው አይሄድም፣ አይመጣም። ጨዋታው ይኸው ነው። ቆሞ ያያችኋል።

ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩትና ማሳነስ ጀመርኩ። እስከ ማታ ድረስ ሰባት መቶ ሠላሳ አደረስኩት። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አልል አለኝ። ዓርብ ጠዋት ዋናውን ሲዲ መልሼ ወረወርኩለት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ገበያው ለጁምዓ ወጣ። እኛም ቀሪዎቹ እንዳይታዘቡን የየራሳችንን መዝጊያ አውርደን ውስጥ ተቀመጥን። አላህ ይቅር ይበለን።

ጸጥታው ጆሮ ይበላ ነበር።

«ሠላሳ ተረፈህ አይደል?» አለኝ ከወዲያ በኩል።

የኮምፒውተሬን ቁልፎች እየደበደብኩ ቀጠልኩ።

«እኔም ሠላሳ ነው የተረፈኝ። ጉረኛ ሁላ።»

ደሜ ፈላ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እንደገና ከፈትኩ። አንዱ ውስጡ ዜሮ ብቻ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ... አራት መቶ ሜጋ ሙሉ ባዶ።

ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለውን ባዶ የጨዋታ ሠሪዎች ሆን ብለው ይጨምሩታል፤ ዋናውን ነገር ወደ ሲዲው ዳር ገፍቶ ማሽኑ ቶሎ እንዲያነበው ነው። በእኛ ሙያ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ላርቢ እንዴት አላየውም?

ሠላሳ ሜጋ ቆረጥኩለት። ልክ ሰባት መቶ ሆነ። መቅዳት ጀመርኩ።

አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ሲዲውን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት።

ያው መንገድ። ያው ግንብ። ሰውዬው ግን... ትንሽ ቀረብ ብሏል።

«ቡሻይብ።»

ላርቢ ነው። በስሜ ከጠራኝ ሦስት ዓመቱ።

«ምን ሆንክ?»

«ባዶውን ቆረጥከው እንዴ?»

«አንተን ምን አገባህ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትንካው። እኔም ትንሽ ቆርጬ ነበር። ሰውዬው ቀረበ። ፈርቼ መለስኩት።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?»

ወንበሩ ሲጥ ሲል ተሰማኝ። ከዚያ... «ፈርተህ ሱቁን ጥለህ እንድትወጣ ብዬ ነዋ።»

እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከእውነቱ ውስጥ የሰማሁት ተንኮሉን ብቻ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ሁለት መቶ ሜጋ በአንዴ ቆረጥኩ።

ወዲያው ከቆርቆሮው ጀርባ ወንበር ወደቀ።

«ምን አደረግክ? ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ምን ሆነ?»

«ዋናው ሲዲ እኮ ነው እኔ ጋ ያለው። ማንም ያልነካው። እየመጣ ነው... እየተራመደ ነው የሚመጣው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩና ያሳነስኩትን መቅዳት ጀመርኩ። የቀረው አምስት መቶ ሜጋ ነው። የተቀዳ ሲዲ ከሥሩ ሲታይ የተጻፈበት ክፍል ጠቆር ይላል፤ አምስት መቶ ሲሆን ዳሩ ላይ ያልተነካ ሰፊ ቀለበት ሊተርፍ ይገባል።

አውጥቼ አየሁት። እስከ ጫፉ ጠቁሯል።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መጠኑን ደግሜ አየሁ። አምስት መቶ ነው። ሲዲው ግን ሞልቶ፣ ጥቁረቱ እስከ ጠርዙ ደርሷል።

«ቡሻይብ... ወንድሜ...»

ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም።

«መዝጊያው ከውስጥ አልከፈት አለኝ። ውጣና ከውጭ ክፈትልኝ።»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር።

መውጣት ማለት ሱቋን ማጣት ማለት ነው። እኔ እግሬን ካወጣሁ፣ እሱ ከት ብሎ ስቆ ሐጅ ማዓቲ ዘንድ ይሄዳል። እንዲህ ነው ያሰብኩት። የዚያን ደቂቃ ሐሳቤን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሞኝህን ፈልግ» አልኩት።

«በልጆቼ...»

«ሞኝህን ፈልግ አልኩህ።»

ጎንበስ ብዬ በክፍተቷ አየሁ። ቢጫ ጫማዎቹ ቆርቆሮው ሥር ናቸው። ተረከዛቸው ወደ እኔ፣ ጫፋቸው ወደ ቴሌቪዥኑ። ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፏል። ቆርቆሮው ወደ እኔ ጎበጠ።

«ቡሻይብ» አለ፣ በሹክሹክታ። «አሁን ቆሟል። እዚሁ ነው። እንዳትነካው።»

ጣቴ የፋይሉ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ ነበር።

ነካሁት። የቀረውን ባዶ በሙሉ አጠፋሁት።

ጩኸት አልሰማሁም። የጎበጠው ቆርቆሮ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። በክፍተቷ በኩል መጀመሪያ የጫማዎቹ ተረከዝ ከመሬት ተነሳ። ከዚያ ጫፋቸው። ከዚያ ምንም የለም።

ሰው ከመስጊድ ሲመለስ የላርቢን መዝጊያ ከውጭ ከፈቱት። አንድ ጣት ገፍቶ የሚከፍተው ነበር፤ ምንም አልያዘውም። ውስጡ የወደቀ ወንበርና ትኩስ የናና ሻይ ብቻ ተገኘ። ሰው የለም።

«ጥሎ ወጥቷላ» አለ ሐጅ ማዓቲ። «ሱቁ ያንተ ነው።»

እኔም አሜን አልኩ።

ማታ ኮምፒውተሬንና ቴሌቪዥኔን ስከፍት ባዶው ፋይል በራሱ ተመልሷል። ሦስት መቶ ሰባ ሜጋ፤ ልክ ሲዲው የሚችለውን ያህል። መንገዱ እንደገና ረዝሟል። ጫፉ ላይ ሰው አለ። ባዶ እግሩን ግን አይደለም።

ቢጫ ጫማ አድርጓል።

ወደ እኔ እየተራመደ ነበር።

በሳምንቱ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ፋይሉን አየሁት። ማንም ሳይነካው በሃያ ሜጋ አንሷል። ላርቢም ያን ያህል ቀርቧል። ፈራሁት። ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ? ሊታረቀኝ ይሁን ሊበቀለኝ አላውቅም። ስለዚህ በማውቀው ሙያ ገፋሁት። ባዶውን በዜሮ ሞልቼ እንደገና ቀዳሁት። ሲዲውን ስከተው ላርቢ መንገዱ ጫፍ ላይ ተመልሶ ቆሟል።

የሰው ልጅ እየለመደ የማይሠራው ክፋት የለም። በየዓርቡ በአዲስ ባዶ ሲዲ ገፋሁት። ሃያ ሁለት ዓመት።

የላርቢ ልጆች አደጉ። ትልቋ በሩ ላይ ቆማ «አጎቴ፣ ስለ አባቴ የሰማኸው ነገር አለ?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ። እሷ ስትሄድ ገብቼ ገፋዋለሁ።

ቆርቆሮውን አላነሳሁትም። በእሱ በኩል የነበረውንም ለማንም አላከራየሁም።

ይኸው ዛሬ ደርብ ገለፍ ውስጥ ከስልክ በቀር ነገር የለም። ባዶ ሲዲ የሚሸጥ ሰው ጠፋ። አሮጌ ሱቆችን ዞርኩ፣ ራባት ድረስ ሄድኩ። የመጨረሻዋን ባለፈው ዓርብ ቀዳሁ። የዚያን ዕለት ስገፋው ላርቢ መንገዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ አያውቅም ነበር። ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ኋላው ዞሮ ዞሮ አየ።

እስከዛሬ አንድም ቀን ከኋላው ምን እንዳለ አላሰብኩም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ገበያው ወጥቷል። መዝጊያዬን አውርጃለሁ። በሳምንት ሃያ ያንስ የነበረው ባዶ ፋይል ዛሬ ጠዋት ሦስት መቶ ነበር። ይህን መጻፍ ስጀምር መቶ ነበር። አሁን ዘጠኝ ነው።

አሁን ስድስት...

ቴሌቪዥኑ ላይ መንገዱ ባዶ ነው። ማንም የለም።

ከቆርቆሮው ጀርባ ግን የሚተነፍስ ሰው አለ።

«ቡሻይብ... ደከመኝ።»

የእሱ ድምፅ ነው። ተነሥቼ ወጥቼ መዝጊያውን ልከፍትለት ነው። ሱቋን ማንም ይውሰዳት። እንዲህ ብዬ ተነሣሁ። ልቤ ግን አንድ ጊዜ በክፍተቷ ካላየህ አለኝ።

ጎንበስ አልኩ።

ቢጫዎቹ ጫማዎች አሉ። ጫፋቸው ወደ እኔ ዞሯል። ሶላቸው አልቆ ጣቱ ይታያል።

ከእነሱ ኋላ፣ በጣም ተጠግተው፣ ሌሎች ሁለት እግሮች ቆመዋል። ባዶ ናቸው።