የተስተካከለው ማብሪያ

ስመኘው ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ረፋድ፣ ቡሬ ውስጥ፣ ክንዱ የባዬን ወፍጮ በሚያዞረው ቺንጋ እንደተጠመደ ነው። እሱና ሁለት የኮሌጅ ጓደኞቹ፣ ቴዎድሮስና ሠርክአዲስ፣ የወፍጮ ሠራተኛ ጣቱን ሳያጣ በኮምፒውተር የሚሠለጥንበት ሲሙሌሽን እየሠሩ ነበር። ስመኘው ጎንበስ ብሎ ቺንጋውን ሲለካ አንድ እግዜርን የማይፈራ ሞተሩን አስነሣበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ለመጣው ስመኘው ቁልፉን ሰጥቶ ቅዳሴ የሄደው ባዬ ሲመለስ ሞተሩን አጥፍቶ ኡኡ አለ። ከተማው ግን በባዬ ላይ ፈረደ፤ ወፍጮ ቤቱን እናቃጥል ያለም አልጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ተናኜ ባዬን በካቴና ወደ ወፍጮ ቤቱ ይዛው መጣች።

«ጋሼ ባዬ፣ ማብሪያውን ወደ ላይ ብገፋው እንቢ አለኝ።»

«የገጠመው ሰው ገልብጦ ነው የሰቀለው። ወደ ታች ነው የሚያስነሣ።»

«ለማን ነግረዋል?»

«ለማን ልንገር? ተቆጣጣሪዎች መጥተው ያሽጉብኝ ብዬ? ከእኔ በቀር የሚነካውም የለ!»

ከዚያ ባዬን አስከትላ ኮሌጅ ሄደች። ሁለቱ ተማሪዎች ኮምፒውተሩ ፊት ተፋጠዋል።

«እኔን ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?» አለ ቴዎድሮስ ገና ሳትቀመጥ። «ወፍጮ ቤቱን ረግጬው አላውቅም። መምህራችን ባነሡት ፎቶ ነው የምንሠራው።»

«አታፍርም!» ሠርክአዲስ ጮኸችበት። «የስመኘውን ሥራ በስምህ ብቻ ልታስገባ ነበር። ቅዳሜ ለመምህሩ ሊነግርብህ ነበር!»

«ዝም በይ፣ ምቀኛ!»

«የዓርቡን ሥራ ክፈችልኝ» አለች ተናኜ።

ሠርክአዲስ ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ማብሪያው ወደ ላይ ሲገፋ ወፍጮው ተነሣ። የዛሬው ግን ወደ ታች ሲሳብ ነው የተነሣው።

«ማን ለወጠው?»

«እኔ፣ ትናንት» አለ ቴዎድሮስ ደረቱን ነፍቶ። «ስመኘው ተሳስቶ ነበር። በእኔ ስም ስህተት አይቀርብም!»

«ፎቶ ማብሪያውን ያሳያል እንጂ በየት በኩል እንደሚያስነሣ አያሳይም» አለች ተናኜ ረጋ ብላ። «ስመኘው እዚያ የገባው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ በሕይወት ስላልወጣ አልነገረህም። ጋሼ ባዬ ለማንም አልተናገሩም፤ ሞተሩንም ሰው ሳይደርስ አጥፍተውታል። ታዲያ አንተ በምን አወቅህ? በእጅህ አስነሥተኸው ነዋ!»

ቴዎድሮስ ከስክሪኑ ራቅ አለ። «ልክ እንዲሆን ብዬ እኮ ነው» አለ።

ካቴናውን ከባዬ ፈትታ ቴዎድሮስ እጅ ላይ አሰረችው። ባዬ የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ፣ ማብሪያው ወደ ታች ሲሳብ የተነሣውን ወፍጮ ስክሪኑ ላይ ሲያይ እንባው ቀደመው።

«የእኔው ወፍጮ ነው» አለ። «ቁርጥ የእኔው።»