የጓሮው ሻወር

የሻወሩን ፍሳሽ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጋር አገናኘው ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን የተሸከመው ግን ኢምራን ነው።

አባቴን፣ አቶ ይገዙን፣ ስትሮክ የመታው መስከረም ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ ሽቅብ ወደ ቁስቋም ወጥቶ፣ ጸበል ተጠምቆ በእግሩ ይመለስ ነበር። ግራ እግሩ አልታዘዝ ሲለው ዳገቱ ቀረ። እናቴ ጸበሉን በጀሪካን እያስመጣች፣ ጓሮ በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጣ ታፈስበት ጀመር። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው፤ ግማሽ ሰፈሩ የሱ ተማሪ ነበር። እርጥብ ገላውን ተማሪዎቹ እያዩት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

«ሻወር እሠራለታለሁ» አልኳት እናቴን።

የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። ቢሮ ስውል የሰው ሕንፃ ስሌት ነው የማርመው። በአንድ ምሽት ሥዕሉን ጨረስኩ፦ ሦስት ጎን ብሎኬት፣ አንድ ጎን የቆርቆሮ በር፣ ውስጡ መቀመጫና መደገፊያ ብረት፣ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እንዲያሞቀው ጥቁር የተቀባ በርሜል። ውሃ የሚመጣልን ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ በርሜሉ የግድ ነበር። ጸበሉ ከጀሪካን ይፈሳል፤ የበርሜሉ ውሃ ለሌላው ቀን መታጠቢያ ነው።

ሥዕሉን ይዤ ከእኛ በታች ወዳለው የጋሽ ሸፊ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ወረድኩ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጁ ኢምራን ነው። የቧንቧ ሥራም ይሠራል። ወረቀቱን ዘርግቶ ረጅም ሰዓት አየው።

«ማን ነው የሣለው?»

«እኔ።»

«በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።»

«እና?»

«ጋሽ ይገዙ ውስጥ ቢወድቁ፣ ገላቸው በሩን ይዘጋዋል። ማን ገብቶ ያነሳቸዋል?»

ተናደድኩ። በማግስቱ ሥራውን እንዲሠራልኝ ቀጠርኩት።

ኢምራን ዝም ብሎ መሥራት የሚችል ሰው ነው፤ እኔ አልችልበትም። ከቢሮ ስመለስ አጠገቡ ቆሜ ብሎኬት አቀብለዋለሁ፣ ቀጥ ማለቱን በክር እለካለሁ፣ አነታርከዋለሁ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቸኩዪው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ሲሚንቶ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ሰው ግን አልጠብቅም።»

«እኔስ?»

«አንተ ገና አልደረቅህም።»

ሳቀ። ከዚያ የግንበኛ ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ከማጀት የእናቴ የድስት ክዳን ድምፅ ሲሰማ ሁለታችንም ወደ ብሎኬቱ ዞርን።

በርሜሉ የተሞላ ዕለት ኢምራን ሊሞክረው ቧንቧውን ከፈተና እጄን ይዞ ከሥሩ አስገባው።

«ሞቋል?»

«ሞቋል።»

እጄን አላነሳሁም። እሱም አልለቀቀኝም። ውሃው በሁለታችን እጅ ላይ ወረደ።

«ሮሐ፣ ውሃው ሊያልቅ ነው።»

«ማክሰኞ ይመጣል» አልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምናወራው ስለ ሥራው ብቻ አልነበረም። ለቤተሰብ ግን አልተናገርንም። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ምን እንደሚባል ለማወቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም።

የቀረው ፍሳሹ ነበር። ቧንቧውን ይዞ መሬቱን በእግሩ እየለካ ቆመ።

«ጸበሉም በዚሁ ነው የሚወርደው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ወደ ሽንት ቤት መላኩ ልክ ነው? እናቴ ከሐጅ ያመጣችውን ዘምዘም ጠብታው መሬት እንዳይነካ ከስኒው ሥር ሰሃን ታስቀምጣለች። ጸበልም እንደዛ መሰለኝ። እዚያ ጥግ ያለው ኮክ ዛፍ ሥር ድንጋይ ሞልተን ለብቻው ጉድጓድ እንሥራለት።»

«እዛ ድረስ አሥር ሜትር መቆፈር ነው። ሽንት ቤቱ ሁለት ሜትር ነው። ቅዳሜ መድረስ አለበት።»

«ጠይቂያቸው።»

«ኢምራን፣ ውሃ ውሃ ነው። አገናኘው።»

አገናኘው።

ቅዳሜ ደረሰ። ኢምራን መጋጠሚያው እንዳያንጠባጥብ ሊያይ መጥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሟል። አባቴ ብረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ እናቴ ጸበሉን አፈሰሰችበት። ጀሪካኑ ሲጋመስ አባቴ ወደ ወለሉ አየ።

«ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?»

 ከግድግዳው ጀርባ ውሃው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። አባቴ ገባው። በአንድ እግሩ ሊነሳ ሲታገል እናቴ በጋቢ ጠቅልላ ያዘችው፤ ከዚያ ወደ ኢምራን ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ጸበል መሆኑን እያወቅህ ሽንት ቤት ትከተዋለህ? ለነገሩ ምን ታደርግ፣ የኛን ነገር ከየት ታውቀዋለህ።»

ኢምራን አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ነኝ ብል፣ እሱ መጠየቁንና እኔ እንቢ ማለቴን ያውቃሉ። ቀጥለው ከእሱ ጋር ምን ያህል እንደምንቀራረብ ይጠይቃሉ። ቀጥለው ሁሉንም ያውቃሉ። ይህን አስብ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ የዓለምወርቅ» አለ። «አስተካክለዋለሁ።»

ምንም አልተሰማኝም። የጀሪካኑን ክዳን ፈልጌ ከደንኩት።

ሰኞ ሰፈሩ ሰምቷል። «ሳያውቅ ነው» የሚሉ ነበሩ፤ «አውቆ ነው» የሚሉም ነበሩ። ለዓመታት ከጋሽ ሸፊ ሚስማር የገዙ ሰዎች ሱቁን አልፈው ታች ወዳለው ሌላ ሱቅ ይወርዱ ጀመር። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሸፊ ራሱ ቤታችን መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ልጅ ነው፣ ጋሽ ይገዙ። ስለ ልጄ እኔን ይቅር በሉኝ።»

አባቴ በጭንቅላቱ እሺ አለው። ውሃ ያቀረብኩለት እኔ ነበርኩ። ጠጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለኝ። ብርጭቆውን አጠብኩት።

ኢምራን አሥሩን ሜትር ብቻውን ቆፈረ። አራት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻው ቀን እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለነበር አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ለምን ለራስህ ወሰድከው?»

አካፋውን ተደገፈ። «ጊዜ ልሰጥሽ ብዬ ነው። 'እኔ ነኝ' እስክትዪ ሁለት ደቂቃ ይበቃሻል ብዬ። ዘጠኝ ቀን ሆነ።»

«ብናገር ስለኛ ይጠይቁ ነበር።»

«ይጠይቁ ነበር።»

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተይው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አባቴ እናንተ ቤት ገብቶ ይቅርታ ጠይቋል፣ ሮሐ። እኔ ይሄን ምን እንደማደርገው አላውቅም። አንቺን ሳይ እሱን ነው የማየው።»

«ትጠላኛለህ?»

«ብጠላሽ ጥሩ ነበር። በቃ፣ አፈሩን ልመልስ።»

አፈሩን መለሰ፣ አካፋውን አጥቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ቢሮ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሁሉ ነገር ልክ እንደ ሌላ ሰው ኑሮ ይካሄዳል።

አባቴ ግን ፍሳሹ ከተለወጠ በኋላም ሻወሩ ውስጥ አልገባም አለ።

«የዚያ ልጅ እጅ ያለበት ውስጥ አልጠመቅም።»

ጓሮ ወንበር ላይ መቀመጡንም እንቢ አለ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ሙሉው ጀሪካን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። አባቴ ከወገቡ ቀና ማለት እየተወ መጣ፤ እናቴ ስታለቅስ ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል።

አራተኛው ቅዳሜ እናቴ ገበያ ሄደች። ፊት ለፊቱ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ፍሳሹን ወደ ሽንት ቤት አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ኢምራን ጸበል ነው፣ ልክ አይደለም ብሎኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

በደህና እጁ ሬዲዮውን አጠፋ።

«ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«አልሰማም።»

«እናትሽስ?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው እንደተባለው ይቆይ።»

«እንዴት ይቆያል?»

«አንቺ እዚህ ሰፈር የይገዙ ልጅ ነሽ። ኢንጂነሯ ነሽ። ለማን ስል ነበር ያን ሁሉ... እሱ ወንድ ነው፤ ይረሳለታል።»

«እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

ልለው አላሰብኩም ነበር። «ዝናብ መጣ» በሚባልበት ድምፅ ነው ያልኩት። አባቴም የሰማ አይመስልም። ከዘራውን ፈለገ።

«ወደ ጓሮ አውጪኝ።»

«ለምን?»

«ልጠመቅ።»

አወጣሁት። ጥፋቱ የገዛ ልጁ መሆኑን ሲሰማ የኢምራን እጅ ግድግዳው ላይ መኖሩን ተወው ማለት ነው። የኢምራን ሲሆን ርኩሰት የነበረው፣ የኔ ሲሆን ገላ መታጠቢያ ሆነ። መቀመጫው ላይ አስቀመጥኩት። «በስመ አብ» አለና ዓይኑን ጨፈነ፤ ጸበሉን አፈሰስኩበት። ጀርባው ከማውቀው በላይ ቀጥኗል። ውሃው በአዲሱ መንገድ ሄደ።

ሳደርቀው ክንዴን ያዘኝ።

«እንደተባለው ይቆይ ብዬሻለሁ፣ ሮሐ።»

«ሰምቻለሁ።»

አልብሼ ወደ ቤት መለስኩት። ትራሱን ከጀርባው አደረግኩለት፣ ስልኩን ደህና እጁ ሥር አስቀመጥኩለት። ጫማዬን አደረግኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጋሽ ሸፊ ሱቅ።»

«ዛሬ?»

«ቅዳሜ ሰው ይበዛል። ሁሉም በአንዴ ይሰማል።»

«ልጁ ይመለስልኛል ብለሽ ነው?»

«አላውቅም። አይመስለኝም።»

«ሮሐ» አለ አባቴ። እንደገና ጠራኝ፤ አስተማሪ ሳለ ክፍሉን ጸጥ ያሰኝበት የነበረው ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ በዚህ ድምፅ ቆሜ ነበር የምቀረው።

ወጣሁ፤ የግቢውን በር ከኋላዬ ዘጋሁት።