ሦስተኛው መሰኪያ

የረዲ አስከሬን እህል በረንዳ፣ ሀጂ ሽኩር መጋዘን ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ተዘርሯል። የሚሌኒየሙ በዓል ሊገባ ሰሞን ነበር። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ እንደ ልማዳቸው ጆንያ ስንዴ በኤሌክትሪክ ማንሻው ከሚዛኑ በላይ አንጠልጥለው ሄዱ። ሲመለሱ ረዲ መለያ ቁጥሩን ሊያነብ ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ «አብሪው» አለ። የመጋዘኑ ጸሐፊ እህቱ ራዲያ ናት፤ ኮምፒዩተሩን አበራች። ጆንያው ወንድሟ አንገት ላይ ወረደ።

«የራሱ ሥራ በላው» አለ ጠሀ እያለቀሰ። የረዲ ሸሪክ፣ የራዲያ እጮኛ ነው። ሚዛኑንና የኤሌክትሪክ ጆንያ ማንሻውን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ሁለቱ ናቸው የሠሩት። «ማንሻው የኮምፒዩተሩ አንደኛው መሰኪያ ላይ፣ ሚዛኑ ሦስተኛው ላይ ተሰክቷል። ድራይቨሩ ማንሻው ሚዛን መስሎት ‹ዜሮ ሁን› አለው። ለማንሻው ያ ‹ልቀቅ› ማለት ነው።»

ራዲያ አመነችው። እሱን ካላመነች ማንን ትመን?

ኢንስፔክተር ሸዋርካብሽ ወደ ኮምፒዩተሩ ጀርባ አጎነበሰች። ሁሉም ነገር የእህል ብናኝ ለብሷል፤ መሰኪያዎቹ ግን በጣት ተጠርገዋል።

«ሀጂ፣ ጠዋት ሥራ ነበር?»

«እስከ ዙሁር ሶላት ስንመዝን ነበር። አንድም እንከን አልነበረውም።»

«ረዲና ጠሀስ ተጣልተው ያውቃሉ?»

ሀጂ ጠሀን በጎን አዩት። «ትናንት ተጨቃጨቁ። ረዲ ‹ድራይቨሩ መጀመሪያ ማን ነህ ብሎ የዕቃውን መለያ ቁጥር ይጠይቅ፤ የማያውቀውን አይንካ› ይላል። ይሄ ደግሞ ‹ምን አንዛዛን? አንደኛው መሰኪያ ላይ ያገኘውን ይያዝ› ይላል። ረዲ ‹ሰው ይገድላል፤ ሳይስተካከል ለማንም አይሰጥም› ብሎ ማለ። ዛሬ የመጣውም የሚጠይቀውን ሊጭን ነበር።»

«ለማን ሊሰጥ ነበር?»

«ለአንድ አስመጪ። ጠሀ ‹ብቻዬን ነው የሠራሁት› ብሎ ተዋውሏል። ሰውየው ራሱ ነው የነገረኝ።»

ራዲያ ቀና አለች። ይህን ሰምታ አታውቅም።

ሸዋርካብሽ ሁሉንም ሚዛኑ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ጠዋት የሠራው የማይጠይቀው ድራይቨር ነው። እንከን ያልነበረው ሚዛኑ አንደኛው መሰኪያ ላይ ስለነበር ነው። ስለዚህ ገመዶቹ የተቀያየሩት ኮምፒዩተሩ ለምሳ ከጠፋ በኋላ ነው። ጠሀ፣ ዛሬ እዚህ ገብተህ ነበር?»

«አልገባሁም። ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

«ከዚያስ የኮምፒዩተሩን ጀርባ አይተሃል?»

«ኧረ በአላህ! ረዲን አቅፌ አይደል የነበርኩት?»

«ማንሻው አንደኛው ላይ እንዳለ ድራይቨሩን የሠራ ሰው ይገምታል። ሚዛኑ ሦስተኛው ላይ መሆኑን ግን ግምት አይነግርም። ሁለተኛውም ባዶ ነው፤ እዚያም ሊሰካ ይችል ነበር። ሦስተኛውን የሚያውቀው የሰካው ብቻ ነው።»

ጠሀ ወደ ራዲያ ዞረ።

«ከእኔ ሌላ የሚያበራው እንደሌለ ታውቅ ነበር?» አለች ራዲያ።

«ራዲዬ…»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

አንገቱን ደፋ።

«ወንድሜን በእኔ እጅ ገደልከው» አለች፤ አልጮኸችም። ወደ ሸዋርካብሽ ዞረች። «እትዬ፣ እናቴ አማኑኤል ሰፈር ናት። ገና አልሰማችም። ልጄን ማን ገደለው ስትለኝ ምን እላታለሁ?»

ሸዋርካብሽ ካቴናውን ለባልደረባዋ አቀበለችና የራዲያን ክንድ ያዘች።

«ነይ፤ አብረን እንነግራታለን።»