የሌለ አድራሻ ጻፍኩ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። "ፈጥራ ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ እሺ፣ እንደፈለጋችሁ። እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

እኩለ ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ብዬ ብነግራችሁ ለእኔም ይቀለኝ ነበር...

አልነበረም። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጨርቁ ሁሉ ላይ ተንጋላለች።

ቤት ውስጥ እኔና እትዬ ብቻ ነን። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከባሏ ከሸሸች አራት ወሯ ነው። የት እንደምንኖር አያውቅም። ስሙን ቤት ውስጥ አንጠራም፤ "ሰውዬው" ነው የምንለው።

ካገኛት ምን እንደሚያደርጋት አንዴ በስልክ ነግሯታል። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለዚህ ነው እንደ ሰው ሱቅ ከፍታ መቀመጥ ያልቻለችው። የምትሰፋቸውን ቀሚሶች በኢንተርኔት ልንሸጥ ያሰብነውም ለዚሁ ነው።

ሳይቱን የሠራችልን ሴትዮ ደወለች።

"ሁሉም አልቋል። የግላዊነት ፖሊሲ ብቻ ቀርቷል። ያለሱ ሱቁ አይከፈትም።"

"ምንድን ነው ደሞ እሱ?"

"የደንበኞችን ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ ምን እንደምታደርጉበት የምትጽፉበት ገጽ ነዋ።"

"ለጎረቤት አናወራም ብዬ ልጻፍ?"

"እሱኑ ረዘም አድርጊው" ብላ ዘጋችው።

እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ፖሊሲ ጸሐፊ የሆንኩት? የሌላ ልብስ ሱቅ ሳይት ከፈትኩና ፖሊሲውን እንዳለ ገልብጬ ለጠፍኩት። የሱቁን ስም ብቻ በእኛ ቀየርኩ። በቃ። ጀግና ነኝ።

"አድራሻችንን እንዳትጽፊ" አለች እትዬ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል።

"አልጽፍም።"

"እትዬ ትሙት በይ።"

"ኧረ እትዬ ትሙት!"

ግን አንድ ቦታ ላይ እምቢ አለኝ። የገለበጥኩት ላይ "መረጃዎን ለማየት ወይም ለማስጠፋት በአካል መምጣት ይችላሉ" ይላል። ከሥሩ ባዶ ሳጥን አለ። የሱቁ አድራሻ ካልተሞላበት ገጹ አይቀመጥም።

ምን ቸገረኝ፣ ከጭንቅላቴ ፈጠርኩ።

"የድሮው መጋዘን መንገድ፣ ከልብስ እጥበቱ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር ዘጠኝ።"

ለእትዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

መኪናው ቆመ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከጭንቅላቴ። ምነው?"

"ምንም..."

መኪናው ቀጠለ። ሱቁም ተከፈተ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከአንዲት ሴት መልእክት ገባ።

"ሰላም። ፖሊሲያችሁ በአካል መምጣት ይቻላል ስለሚል መጣሁ። ቅርብ ነኝ።"

ሳቄ መጣ። የት ነው የመጣችው? ሰማይ ላይ?

"ተሳስተው እንዳይሆን። የት ነው ያሉት?" ብዬ መለስኩ።

"በር ቁጥር ዘጠኝ። እህትሽ ከፍታልኝ ገብቻለሁ። ልትለካኝ ነው።"

ዞር አልኩ። እትዬ ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ላይ ናት። አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች።

ቀልደኛ ናት ብዬ ልተወው ነበር... ግን እህት እንዳለኝ ማን ነገራት?

ያኔ ነው እትዬን የሰማኋት። በሹክሹክታ... ለራሷ...

"ትከሻ ሠላሳ ዘጠኝ... ወገብ ሰባ አራት..."

"እትዬ፣ ማንን ነው የምትለኪው?"

"እኔ? ምን አልኩ?"

ስልኬ ጮኸ።

"ትከሻዬ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ወገቤ ሰባ አራት አለችኝ። ወፍሬያለሁ ማለት ነው? ሃሃ።"

ወዲያው መልሼ ጻፍኩላት።

"ምን ትመስላለች?"

"ረጅም ናት። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ምስኪን፣ እጇ በረዶ ነው።"

ያንን ጠባሳ ያወረሳት ሰውዬው ነው። ሳይቱ ላይ ደግሞ የእትዬ ፎቶ የለም። አንድም።

ተነስቼ እጇን ነካሁት።

በረዶ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ...

"እትዬ፣ ተነሺ። ትንሽ ወጣ እንበል።"

"ደንበኛ አስቁሜ?" አለች። ከዚያ ራሷ ደነገጠች። "ምን አልኩ አሁን?"

ስልኬ።

"ሌላ ሰው መጣ መሰለኝ። በር እየተንኳኳ ነው።"

"ማን ነው?"

"እህትሽ ሜትሯን እስክትጠቀልል በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ወንድ ነው። ስልኩን ከፍቶ የእናንተን ፖሊሲ እያነበበ ነው። የበሩን ቁጥር ያያል፣ ስልኩን ያያል..."

ከዚያ አንድ መስመር።

"አሁን ስሟን ጠራ። ረጋ ብሎ ነው የሚጠራት። ባሏ ነው?"

"እንዳትከፍት በያት!!!" ብዬ ጻፍኩ። አይላክም። ደግሜ ጻፍኩ። አይላክም።

ገጹን ከፍቼ አድራሻውን አጠፋሁት። ቀይ ጽሑፍ መጣ። "አድራሻ ሳይሞላ አይቀመጥም።" በእኛ አድራሻ እንዳልተካው... በማን አድራሻ ልተካው? ሰውዬውን ማን ላይ ልላከው?

የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

እትዬ ተነሳች።

"መጣሁ!" አለች።

"ወዴት?"

"በር እየተንኳኳ አይደል እንዴ? ደንቁረሻል?"

ቤቱ ጭር ብሏል። የማንም እጅ በራችንን አልነካም።

ደግሞም ወደ በራችን አልነበረም የሄደችው። ቀሚሶቹን ፎቶ ወደምናነሳበት ባዶ ግድግዳ ነው።

ሮጬ ወገቧን አቀፍኳት።

"እትዬ፣ አትክፈቺ! በእናትሽ አትክፈቺ!"

"ልቀቂኝ እስቲ፣ ደንበኛ ይሆናል" አለች ሳቅ ብላ። ጎተትኳት። ቤቱን ተሸክማ የቆመች ይመስል ፍንክች አላለችም።

እጇን ዘረጋች። አየር ጨበጠች። አዞረችው።

ግድግዳው ግድግዳ ነው። በመዳፌ ነካሁት። ነጭ ቀለም፣ ደረቅ ግንብ።

ፊቷ ላይ ግን ብርሃን ወደቀ...

የፀሐይ አይደለም። ቢጫ፣ ደብዛዛ፣ የኮሪደር አምፖል ብርሃን። በር ቀስ ብሎ ሲከፈት እንደሚሰፋው፣ መጀመሪያ ጉንጯን፣ ከዚያ ዓይኗን...

ለደንበኛ የምታሳየው ፈገግታ ገና ከንፈሯ ላይ ነበር።

አገጯ ቀና አለ። ከእሷ የሚረዝም ሰው ፊት ለፊቷ እንደቆመ...

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ።